በመጋዘን የተጠየቀች ልጅ

ሰቆጣ ውስጥ ዘጠኝ ሰዎች የቴያትር ክበብ አቋቋሙ። መሪያቸው ዝናሽ ትባላለች፤ የሙዚቃ አስተማሪ ናት። ትርኢቱን የሚያሳዩት በሰላሕ መጋዘን ነው። ሰላሕ ማሽላ ነጋዴ ነው፤ እኩያዬ ነው። መጋዘኑ ከክረምት እስከ ኅዳር አጋማሽ ባዶ ስለሚሆን በነጻ ሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ማሽላው ይገባል።

ዝናሽ የዓመቱን ትርኢት በካርቶን ላይ ጽፋ በሩ ላይ ሰቀለችው። ስድስት ሥራዎች ናቸው። ሦስቱ በጥቅምትና በኅዳር መጀመሪያ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ ከሰዓት። ሦስቱ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ገና ጽሑፍ አልነበራቸውም፤ የሚታዩበት ቤትም አልነበራቸውም። መጋዘኑ እስከ ጾም እንዲቆይላት ሰላሕን ሁለት ጊዜ ለመነችው።

«ማሽላዬን የት ላድርገው? ራሴ ላይ?» አላት።

ቤት ካላገኘች ክበቡ በኅዳር ይበተናል። ይህን ሁሉም ያውቃል።

የመጀመሪያው ሥራ ስለ ሠርግ ነው፤ ዘፈን አለበት። የሙሽሪትን አባት ሆኖ የሚጫወተው መምህር ወደ ጽጽቃ ተዛወረ። ትርኢቱ አራት ቀን ሲቀረው ዝናሽ ቤቴ መጣች።

«አባ አስማረ፣ አባት ቸገረኝ።»

«የእናንተን ነገር አላውቅም» አልኳት። ትምህርቴን ያቆምኩት ከአራተኛ ክፍል ነው። ሽምግልና ግን ሠላሳ ዓመት ተቀምጫለሁ።

«ማወቅ አያስፈልግዎትም። ሽማግሌዎች መጥተው ልጅዎን ይጠይቃሉ። እርስዎ ‹ሰጥቻለሁ› ይላሉ። ከዚያ ዘፈን ነው።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። ኮስተር ያለ ፊት ያስፈልጋል፤ እሱ አለዎት።»

ወረቀቱን አየሁት። የኔ አንድ ቃል ብቻ ነው። እሺ አልኩ።

እሑድ ደረሰ። ስድሳ ያህል ሰው በድንጋይ ላይ በተጋደመ ጣውላ ላይ ተቀምጧል። መጋረጃው ሁለት አንሶላ ነው። ከጀርባው ሙሽሪትዋ እስከዳር ነጭ ለብሳ ቆማለች፤ ፀጉር ሠሪ ናት። ዘፋኞቹ ተሰልፈዋል። ኦርጋን የሚመታው ልጅ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ የኔን ቃል ይጠብቃል።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። አንዱ ምንዋጋው ነው፤ ልብስ ሰፊ ነው፣ በእርግጥም ሽማግሌ ነው። ሌላው ባጃጅ የሚነዳው በእውቀቱ ነው፤ ሃያ አምስት ዓመቱ ነው። ፀጉሩ ላይ ዱቄት ነስንሰው አገጩ ላይ ጥጥ ለጥፈውለታል።

«ተቀመጡ» አልኩ።

«አንቀመጥም። ጉዳይ አለን» አለ ምንዋጋው።

ደንቡ ይኸው ነው፤ ደስ አለኝ። ጥፋቱ የመጣው ከዚያ ነው። አጠያየቃቸውም ልክ ነበር፤ የሚጫወቱ ሳይሆን እውነት የሚጠይቁ መሰለኝ። አፌን ከፈትኩ። ፊት ለፊት የተቀመጡት አብረውኝ ያስታረቁ ሰዎች ናቸው። ሁሉም ያዩኛል። በመጀመሪያ ጥያቄ ልጁን የሰጠ አባት በዕድሜዬ አላየሁም። ቶሎ ከተሰጠች ልጅቱ ጉድለት አለባት ይባላል።

«እንመካከርበት» አልኩ። «ለአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ።»

የበእውቀቱ ጢም በአንድ ወገን ተላቀቀ።

«አባባ፣ ይሰጣሉ እኮ» አለኝ በሹክሹክታ።

«ሂድ» አልኩት።

ሄዱ። ኦርጋኑ ቃሌን ሳይጠብቅ ጀምሮ ነበር፤ መሃል ላይ ቆመ።

«ደግ አደረገ» አለች አንዲት ባልቴት። ሌላዋ በኽምጣኛ አንድ ነገር ጨመረች፤ በዙሪያዋ ያሉት ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ሰዉ ተነሣ፣ አጨበጨበ፣ ወጣ። አንድ ሰዓት ይፈጃል የተባለው ትርኢት በሩብ ሰዓት አለቀ።

ዝናሽ ከመጋረጃው ጀርባ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ተቀምጣለች። ታለቅሳለች ብዬ ተጠጋሁ። እየሳቀች ነበር፤ መናገር አቅቷት።

«ምን አደረጉኝ?» አለች በመጨረሻ።

«ደንቡን።»

«ዘፈኑስ?»

«ያልተሰጠች ልጅ አይዘፈንላትም።»

እስከዳር ከነልብሷ መሬት ላይ ተዘረጋች። እሷም ትስቃለች።

በገበያ ቀን መሄጃ አጣሁ። ሽንኩርት የምትሸጠው «ትሰጣታለህ ወይስ አትሰጣትም?» አለችኝ። ከፃግብጂ የመጣ የማላውቀው ሰው ክንዴን ይዞ ልጁ ጨዋ መሆኑን መሰከረልኝ። የትኛው ልጅ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ሙሽራው በድርሰቱ ውስጥ እንኳ አይታይም፤ ስሙ ብቻ ነው ያለው።

ሁለተኛው ሥራ ትምህርት ቤት ስለገባች አንዲት አህያ ነው፤ ቀልድ ነው። አህያዋ በጆንያ የተሸፈኑ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሰው ግን የመጣው ለአህያዋ አይደለም። መቶ ሃያ ይሆናል። አህያዋ ገና ስትገባ ከኋላ «ሽማግሌዎቹስ?» ተባለ። አህያዋ ፊደል ስትቆጥር «ቀኑ ዛሬ ነው እኮ» ተባለ። ዝናሽ ወደኔ ሮጠች።

«ይግቡልኝ» አለች። «ይግቡና የሚሉትን ይበሉ።»

ወንበሬን ከአህያዋ አጠገብ አስቀመጡልኝ። ምንዋጋውና በእውቀቱ ገቡ። አልተቀመጡም። ጠየቁ።

«የልጁ ዘር ይቆጠር» አልኩ። እስከ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አይሰጥም።

ይህ በድርሰቱ ውስጥ የለም። በእውቀቱ ጣራውን አየ። ምንዋጋው ግን ደፋር ነው። አባት አለ፣ አያት አለ፣ ቅድመ አያት አለ፤ ሁሉንም እዚያው ፈጠራቸው። አምስተኛው ላይ «የአምደወርቁ ባላገር፣ ግራዝማች ተሰማ» አለ።

ከመሃል አንዲት ሴት ተነሣች።

«እኔ የአምደወርቅ ሰው ነኝ። በዚህ ስም ግራዝማች የለም።»

«ከአንቺ በፊት ነው የሞተው» አላት ምንዋጋው።

«አያቴስ? እሷም አታውቀውም?»

«አያትሽን ጥሪያትና ትምጣ።»

ሰዉ በሳቅ ወደቀ። የአህያዋ የኋላ እግር የሆነው ልጅ ከጆንያው ውስጥ «ምን አለ? ምን አለ?» ይላል። የፊተኛው እየሳቀ መናገር አልቻለም።

«ይጣራ» አልኩ። «ለአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ።»

እልል ተባለ። ልጅቱን ለራሱ የተከለከለ ይመስል በእውቀቱ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። አህያዋ ትምህርቷን አልጨረሰችም።

ሦስተኛው እሑድ የመጨረሻው ነው፤ ለዕለቱ የተዘጋጀውን ሥራ የሚጠይቅ አልነበረም። ከሦስት ቀን በኋላ ማሽላው ይገባል። ዝናሽ ጠዋት መጣች። በዚያን ቀን አልሳቀችም።

«አባ አስማረ፣ ዛሬ ይስጧት። ቢያንስ ዘፈኑን እንዝፈነውና እንበተን።»

«እሰጣለሁ» አልኳት። ቃሌን ሰጠኋት።

መጋዘኑ መተንፈሻ አጣ። በር ላይ የቆሙት ከተቀመጡት ይበልጣሉ። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ሦስት ሆነዋል። ሁለት ጊዜ የተመለሰ ሽማግሌ ሦስተኛ ሲመጣ እምቢ የማይባል ሰው ይጨምራል። ምንዋጋው ይህን ያውቃል። ማንንም ሳያማክር ሄዶ ያመጣው ሰላሕን ነው።

ሰላሕ ነጭ ጀለቢያ ለብሷል፣ ከዘራ ይዟል። ጉባኤ የሚመራ መስሏል።

«ይቀመጡ፣ አቶ ሰላሕ።»

«አንቀመጥም። ጉዳይ አለን» አለ። ማታ ሲለማመደው እንዳደረ ያስታውቃል።

መጋዘኑ ተናወጠ። ሰላሕ ዞሮ ሰዉን አየ፤ ወደደው። ከዚያ ልጅቱን ጠየቀ፤ ከምንዋጋው አስበልጦ ጠየቀ።

ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ግን ሰላሕን አየሁት። ሽማግሌ ሆኖ፣ በሕዝብ ፊት፣ ቆሞ። ሽማግሌ በሕዝብ ፊት የተናገረውን ወደ ቤቱ ይዞ አይመለስም።

«ልሰጥ ነው» አልኩ። እልልታው ሲነሣ እጄን አነሣሁ። «ሠርጉ የት ነው?»

ሰላሕ ምንዋጋውን አየ። ምንዋጋው እግሩን አየ።

«እዚሁ ነዋ» አለ ሰላሕ። «ይህን የሚያህል ቤት እያለ።»

«መቼ?»

«ሠርግ ከጥምቀት በኋላ ነው። ይህም ይጠየቃል?»

«ያን ጊዜ ቤቱ ውስጥ ማሽላ የለም?»

የመጋረጃው ጫፍ ከጀርባ በአንድ ጡጫ ሲጨበጥ አየሁ። ሰላሕ ነጋዴ ነው፤ ገባው።

«አስማረ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህ ወረቀቱ ላይ አለ?»

«ወረቀቴ ላይ ያለው አንድ ቃል ነው። እሱን ነው ያልተናገርኩት።» ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «ሠርግ አለ። ምላሽ አለ። ቅልቅል አለ። ልጄ አንድ ቀን ተዘፍኖላት አትቀርም። ሦስት እሑድ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ።»

«ማሽላዬስ?»

«አንዳንድ ኩንታል በየቤታችን እናስቀምጥልሃለን» አለች የአምደወርቋ ሴት።

«ገንፎ አድርጋችሁ» አለ ሰላሕ።

ከሁለተኛው ረድፍ ባለቤቱ ሐሊሜ ተነሣች።

«የታችኛው ቤት ባዶ ነው። ከአይጥ በቀር ማንም የለበትም።»

«ለአይጥ ላብላው?»

«ድመቷን ምን ልትሠራባት ነው የምታስቀምጣት?»

«አንቺ ከማን ወገን ነሽ?» አላት።

«ከልጅቱ።»

ሰላሕ ሳቀ። ሳቁ ከሆዱ ጀምሮ እስከ ከዘራው ድረስ ወረደ፤ ተደገፈበት። በእውቀቱ ደግፎ ያዘው፤ ጢሙ ሰላሕ ትከሻ ላይ ቀረ።

«ይሁን» አለ ሰላሕ እንባውን እየጠረገ። «ሦስት እሑድ። ሰው ሁሉ ሰምቷል። አሁንስ?»

«ሰጥቻለሁ» አልኩ።

ኦርጋን መቺው አንድ ወር የያዘውን ለቀቀው። መጋረጃው ገመዱ ተበጥሶ ወረደ፤ ማንም አላነሣውም። እስከዳር ወጣች፤ ዘፋኞቹ ተከተሏት። ሰዉም ጣውላው ላይ ቆሞ ይቀበላል። ሰላሕ ከዘራውን ወደ ላይ ወርውሮ ሊቀልብ ሞከረና ምንዋጋውን መታው። ዝናሽ በዘፈኑ መሃል መጥታ እጄን ጎተተች።

«የሙሽሪት አባት ተቀምጦ አይቀርም።»

ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ጨፍሬ አላውቅም። ትከሻዬን ሁለት ጊዜ ነቀነቅሁ። ከዚያ ተቀመጥኩ።

ወደ ቤት ስንሄድ ባለቤቴ አገኘሁሽ ትከሻዬን አየችው።

«የኔ ሠርግ ላይ ትከሻ አልነበረህም?» አለችኝ።

መንገዱን ወደ ኋላም ወደ ፊትም አየሁት። ሰው አልነበረም። አንድ ጊዜ ነቀነቅሁላት።