የመርስዔ ኃዘን ቮልስ የኋላ ወንበር

ጎረቤቴን መርስዔ ኃዘንን ከሚስቱ ያጣላው ወንበር ነው። ወንበር ስል የሥልጣን አይደለም፤ የመኪና።

ከአጎቱ የወረሳት ቮልስ በዕድሜ እኔን ትበልጠኛለች። የኋላ ወንበር አልነበራትም፤ አጎትየው ድሮ ነቅለው ጥለውታል። መርስዔ በባዶው ወለል ላይ ሣር ጎዝጉዞ በግ ይጭንበታል። ዘመሮ ገበያ ሲውል ደግሞ ሚስቱ አማከለችም እዚያው ከበጎቹ ጋር ናት። የፊቱ ወንበርስ ቢባል፣ እሱ የእንግዳ ነው። መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ «ይግቡ ጋሼ» እያለ ያስቀምጥበታል። ደግ ሰው ነው መቼም፤ ለውጭ ሰው።

አማከለች ዓመታት ቻለችው። አንድ ቅዳሜ ግን አንድ ጠቦት ነጠላዋ ላይ የጠቦት ሥራውን ሠራባት። ቤት ገብታ ነጠላዋን አጠበች፣ አሰጣች፣ ሲደርቅ ለበሰችና እናቷ ወደሚኖሩበት ወደ ቀየት ሄደች። የላከችው ቃል አጭር ነበር፤ «ሰው የሚቀመጥበት ነገር ሲኖርህ ና።»

መርስዔ ብቻውን ሽሮ ሲያሳርር ከረመ። የቃጠሎው ሽታ አጥር ተሻግሮ ሲመጣ ባለቤቴ «ጎረቤትህ ዛሬም ምሳ በላ» ትለኛለች።

በመጨረሻ ቆላ ወረደና፣ የአሮጌ መኪና ዕቃ ከምትነግደው ከሐጂራ የአንድ ሟች ቮልስ የኋላ ወንበር ገዝቶ መጣ። ተጣጣፊ ነው፤ መደገፊያው ሲቆም ሰው ይቀመጥበታል፣ ወደ ፊት ሲታጠፍ ዕቃ ይጫንበታል። ችግሩ ተፈታትቶ በጆንያ መምጣቱ ነው።

ግቢው ውስጥ ዘርግተን ለመለየት ተቀመጥን፤ መርስዔ፣ እኔና ኮርቻ ሠሪው አፈወርቅ። አፈወርቅ ስለ መኪና የሚያውቀው እንደሚያስነጥስ ብቻ ነው፤ ዝም ግን አይልም። መቀመጫውንና መደገፊያውን በቀላሉ ለየን። ማጠፊያዎቹን የበር ማጠፊያ ስለሚመስሉ አወቅናቸው። ግን የግራውን በቀኝ ገጠምንና መደገፊያው ጀርባውን ሰጠን፤ እንደገና ፈታን። መቀመጫው ሽቦው ወጥቶ ነበር፤ የበግ ጠጉርና የጓሳ ሣር ጠቀጠቅንበት። የጓሳው መስክ ዘንድሮ ለአጨዳ ዝግ ስለሆነ ሣሩ የተመዘዘው ከእኔ ማድ ቤት ክዳን ነው። ባለቤቴ እስካሁን የምታማርረው ነፋሱን ነው።

ሁሉም ተገጥሞ ካበቃ በኋላ አንድ ቀበቶ ተረፈ፤ ጫፉ ላይ የብረት ቀለበት አለው። ሐጂራ ዘንድ ስንደውል፣ መደገፊያው ወደ ፊት እንዳይወድቅ ከኋላ ካለው መንጠቆ ጋር የሚይዘው እሱ ነው፣ እንዳትረሱት አለች። መንጠቆ ፈለግን፤ የለም።

አፈወርቅ እንደ ዳኛ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጭነት ወደ ፊት የሚንሸራተተው ቁልቁለት ላይ ነው። ዳገት ለምትወጣ በቅሎ ከጅራቷ ሥር የሚገባውን ጠፍር ማን ያጠብቃል? የቀየት መንገድ ደግሞ ዳገት ነው።»

ሁላችንም በቅሎ ጭነን ያደግን ሰዎች ነንና ነገሩ እውነት መሰለን። ቀበቶውም ሥራ አላጣም። ለአማከለች እናት ለእማማ ጌታነሽ ካሳ የተገዛው ሙክት አንገት ላይ ገባ፤ ልኩ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሽምግልና ተነሣን። መምሬ ገብረየሱስ፣ አፈወርቅና እኔ ከኋላ ተደረደርን፤ ወንበሩ ሦስት ሰው መቻሉን አማከለች በዓይኗ እንድታይ። ሙክቱ ከፊት ተቀመጠ። መምሬ አንድ ጊዜ አይተውት «መቼስ ቀን የሰጠው» ብለው አንቀላፉ። ዳገቱን ሁሉ ተደላድለን ወጣን። አፈወርቅ በየመታጠፊያው «አላልኳችሁም?» ይላል።

የእማማ ጌታነሽ ደጅ ግን ያለው አንዲት አጭር ቁልቁለት ወርዶ ነው። ይህን ማንም አላሰበውም። መርስዔ በሩ ላይ ሲደርስ ፍሬን ያዘ፤ መደገፊያው ተነሥቶ በጀርባችን መጣና ሦስታችንንም በግንባራችን ደፋን። የመምሬ ጥምጥም ከሾፌሩ ወገብ ተጣበቀ። ሙክቱ ዞር ብሎ አየንና ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ።

እማማ ጌታነሽ በርኖሳቸውን ደርበው ወጡና በመስኮት አጎነበሱ። ወጉ ሽማግሌ ደጅ ላይ ቆሞ፣ ጉዳያችን ካልተፈጸመ አንቀመጥም ማለቱ ነው። እሳቸው ግን ገና ከመኪና ሳይወርድ እንዲህ ተደፍቶ የሚለምን ሽማግሌ አይተው አያውቁም። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ስለ ሥላሴ ቀና በሉ፣ አባቶቼ። እኔ ምሬዋለሁ።»

ቀና ማለቱን እኛም ፈልገነው ነበር። መምሬ ታፍነው ከታች መለሱ፤ «አማከለች ራሷ ካልማረችው ቀና አንልም።»

አማከለች ተጠርታ መጣች። መጀመሪያ ያየችው ሙክቱን ነው።

«ይሄ ከፊት ተቀምጦ ነው የመጣው?»

«እንግዳ ነው» አለ መርስዔ።

አለቀልን አልኩ በልቤ። እሷ ግን ከንፈሯን ነክሳ የሙክቱን አንገት ታያለች። የፊቱን በር ከፍታ ቀበቶውን ፈታች፣ ወደ ኋላ ተንጠራርታም እጇን ከመደገፊያው ጀርባ ሰደደች። «ነጠላዬን ሲቀደው የኖረ መንጠቆ እዚህ ነበር» እያለች ዳበሰች። መደገፊያውን ከእኛ ላይ አንሥታ ቀለበቱን ስታስገባው ቀጭ አለ፤ እኛም አብረን ቀና አልን።

መርስዔ አንገቱን አስገብቶ መንጠቆውን በጣቱ ነካው። «አላየሁትም ነበር፣ አማኬ።»

«ምን ታድርግ፣ ተቀምጠህበት አታውቅም» አለች። ከዚያ የመምሬን ጥምጥም አየችና ሳቋ አመለጣት። ሽምግልናው ያለቀው ያኔ ነው።

ሙክቱ ግን ቀበቶውን ከተገላገለ ቆይቷል። በተከፈተው በር ወርዶ የመጣንበትን መንገድ ተያያዘው፤ እኔና አፈወርቅ ተከተልነው። በቀንዱ እየጎተትን ስንመለስ መምሬ ከፊት ተሰይመዋል፤ አማከለች ከኋላ መሐል ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ግራና ቀኝ ዘርግታለች። የሚያስጠጋ ቦታ የለም። መርስዔ ዓይናችንን ሳያይ ሞተሩን አስነሥቶ ጥሎን ሄደ።

እማማ ጌታነሽ አዘኑልን። «ኑ እናንተስ ግቡ፣ ጉዳያችሁም ተፈጽሟል፤ ተቀመጡ።»

አፈወርቅ ወገቡን በሁለት እጁ ይዟል። «ለዛሬ ቆመን ይሻለናል፣ እማማ» አለ።