አንድ ብስክሌት፣ አንድ ወፍራም መጽሐፍ

ቺላምብዌ መንደር ውስጥ ቤተ መጻሕፍት መኖሩን የሚያውቁት ኤሉቢና ምስጦቹ ብቻ ነበሩ። እሷ ኃላፊ፣ እነሱ አንባቢ። ከዋና ከተማው ከሊሎንግዌ «ሰው የማይጠቀምበት ከሆነ እንዘጋዋለን፤ ተቆጣጣሪ ይመጣል» የሚል መልእክት ሲደርሳት ክው አለች። ዕድሜዋን የፈጀችው እዚያ ቤት ነው፤ ሌላ ሥራም አታውቅ።

አንድ ቤተ ክርስቲያን አሮጌ ብስክሌቶች እንደሚያድል ስትሰማ ሮጣ ሄዳ ለምና አመጣች። ለሕዝቡ በነጻ ታውሳለች። ግን ዘዴ አላት፤ ብስክሌት የፈለገ መጽሐፍም አብሮ ይወስዳል።

መጀመሪያ የመጣው ምላሰኛው ላስተን ነበር።

«እማማ፣ ገበያ እኮ ነው የምሄደው! መጽሐፍ ይበላል እንዴ?»

«ካልወሰድክ ብስክሌቱም የለም።»

«እሺ በቃ፣ ወፍራሙን ስጪኝ።»

ወፍራሙን! ኤሉቢ እንባዋ መጣ። በማግስቱ የመጡትም ወፍራም ወፍራሙን ጠየቁ። መዝገበ ቃላቱ፣ የሕግ መጽሐፉ፣ የከብት ሕክምናው፣ ሁሉም ወጣ። ቀጫጭኖቹን የግጥም መጻሕፍት ዞር ብሎ ያየ የለም። «ወይ እኔ፣ ሕዝቤን ንቄው ኖሯል!» አለችና አፈረች።

ተቆጣጣሪው አቶ ካዩኒ የመጡ ዕለት አውቶቡሱ መገንጠያው ላይ ጥሏቸው ሄደ። ኤሉቢ በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ ላስተን በብስክሌቱ ከኋላው ጭኗቸው ከተፍ አለ። ሰውየው ሲወርዱ የተቀመጡበት ታየ፤ በመኪና ጎማ ላስቲክ ጥፍር ተደርጎ የታሰረው መዝገበ ቃላት ነው። ከኋላ ደግሞ ሌላ ጎረምሳ አንዲት ዓሣ ነጋዴ በሕግ መጽሐፉ ላይ አስቀምጦ እያለከለከ አለፈ።

ላስተን ጠጋ ብሎ «እማማ፣ ይመቻል እኮ!» አላት። «ከፍሎ የሚሳፈረው ሁሉ እየመረጠ እኔ ላይ ነው የሚወጣው።»

«ዝም በል፣ አንተ ጉድ!»

አቶ ካዩኒ ትልቅ ሰው ናቸውና የተቀመጡበትን አላዩም። ገብተው ባዶ ሊሆን የደረሰውን መደርደሪያ ሲያዩ ደነገጡ።

«መጻሕፍቱ የት ሄዱ?»

«ሕዝቡ ዘንድ ናቸው፣ ጌታዬ።» ውሸት አልነበረም። «የቀሩት ቀጫጭኖቹ ብቻ ናቸው።»

«ወፍራሞቹን ወሰዱ? እንዴት ያለ ሕዝብ ነው ጃል! ይሄማ አይዘጋም!»

ኤሉቢ እፎይ ልትል ስትል ሰውየው ግድግዳው ላይ «ብስክሌት የሚዋስ መጽሐፍም ይወስዳል» የሚለውን ማስታወቂያ አነበቡና ቀጠሉ።

«ታዲያ ብስክሌቶቹ እዚህ ምን ይሠራሉ? እንዲህ ያለ አንባቢ መደለያ አይፈልግም። ሰው ወደማያነብበት ከተማ ይሂዱ።»

እውነቱ አፏ ላይ መጣ። ብትናገር ቤቱ ይዘጋል፤ ዝም ብትል ላስተንና ጓደኞቹ እንጀራቸውን ያጣሉ። ዋጠችው።

«እንዳሉ፣ ጌታዬ።»

መኪና መጥቶ ብስክሌቶቹን ጫነ። የዚያን ዕለት መጻሕፍቱም ሁሉ ተመለሱ፤ መሃላቸው ጎድጉዷል። ላስተን መዝገበ ቃላቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት በእግሩ ሄደ።

ኤሉቢ ብቻዋን ቀረች። መደርደሪያው ሞልቷል፣ ቤቱ ባዶ ነው። መዝገበ ቃላቱን አነሳች፣ ወንበሯ ላይ አስቀመጠችና ተቀመጠችበት። እውነትም ይመቻል።