የውድነሽ መጨረሻና የእናትዓለም ሠርግ

በ1980 ዓ.ም. ባሕር ዳር፣ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች በሚበዙበት ሰፈር፣ ስለ መንግሥት ደፍሮ የሚናገር ሰው አልነበረም፤ ስለ ውድነሽ ግን የማይናገር ሰው አልነበረም። ውድነሽ ማን ናት ቢሉ የማንም ጎረቤት አይደለችም። «የማዶው ቤት» በተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ውስጥ ያለች ሴት ናት። ባሏ ጥላዬ «የወለድሽው ልጅ የእኔ አይደለም» ብሎ ሕፃኗን እንዳዘለች ካባረራት ሦስት ዓመት አልፏል። ሦስት ዓመት ሙሉ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ እሑድ በዘጠኝ ሰዓት፣ ሰው በቀበሌው አዳራሽ ተጠቅጥቆ አብሯት ያለቅሳል። አዳራሹ ለሌላ ጉዳይ እንዲህ ሞልቶ አያውቅም። ሊቀ መንበሩም ይህን ስለሚያውቁ ስብሰባ ሲጠሩ በድራማው ቀን በስምንት ሰዓት ያደርጉታል፤ ሰውም ቦታ ለመያዝ ሲል መጥቶ እያጨበጨበ ይጠብቃል።

ጥላዬ አሁን ታሞ አልጋ ይዟል። «መጥተሽ ይቅር በይኝ» ብሎም ልኮባታል። እንግዲህ ትሂድ ወይስ አትሂድ? ሰፈሩ በዚህ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ትሂድ የሚሉትን የምትመራው ሙሉነሽ ናት፤ በፋብሪካው ፈትል ክፍል ሃያ ዓመት የሠራች፣ ባሏን ከቀበረች ስምንት ዓመት የሆናት፣ አንዲት ልጅ ብቻ ያላት ሴት። አትሂድ የሚሉትን የምትመራው ደግሞ ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ የብርጓል ናት። ሁለቱ ጧት አብረው ወደ ሥራ ሲወጡ ይጀምሩታል፤ ማታ ሲመለሱም አይጨርሱትም።

«እኔ ብሆን እንኳን ለበሽታው ለቀብሩም አልሄድ» ትላለች የብርጓል።

«አንቺ? ለማን ቀብር ቀርተሽ ታውቂያለሽ? ንፍሮው ሳያልቅ የማትነሺ!»

«ንፍሮውን እበላለሁ፤ ይቅር ግን አልልም።»

መቼም ሰው የራሱን ጣጣ ትቶ የሰው ጣጣ ሲፈታ ደስ ይለዋል። ሙሉነሽ ግን በዚያ ዓመት የራሷም ጣጣ ነበራት። ልጇ እናትዓለም ልታገባ ነው።

ሙሽራው ክንዱ እዚያው ባሕር ዳር አስተማሪ ነው፤ ምንም እንከን አይወጣለትም። አባቱ ቄስ ሀብተ ሥላሴ ግን ከሐይቁ ማዶ የዘጌ ሰው፣ አባታቸውም አያታቸውም ቄስ የነበሩ፣ ዘር ቆጥረው የማይጠግቡ ሰው ናቸው። በጥቅምት ሽማግሌዎቹን አስከትለው የመጡ ዕለት፣ ቡናውን ጠጥተው፣ ልጅቱን አይተው፣ ደግነቷንም መስክረው ሲያበቁ አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

«የልጅቱ ወገን ማን ማን ነው? በሠርጓ ቀን በር የሚይዝላት፣ ቢከፋት ደጁን የምትረግጠው?»

ሙሉነሽ የተወለደችው ወሎ ነው። ዘመዶቿ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ወዲህ ገሚሱ ሞቷል፣ ገሚሱም በሰፈራ ወዴት እንደተወሰደ አድራሻው ጠፍቷል። ይህን ሁሉ ለእንግዳ መዘርዘር አልሆነላትም።

«ሰፈሩ ሁሉ ወገኔ ነው» አለች።

«ሰፈር ወገን ይሆናል?» አሉ ቄሱ። በክፋት አልነበረም፤ ማወቅ ፈልገው ነው። ነገሩን በዚያው ተዉት፤ ሠርጉም ለጥር ተቆረጠ። ቃሉ ግን ሙሉነሽ ውስጥ እንደ እሾህ ተሰክቶ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምታስበው ስለ ወጡም ስለ ጠላውም አልነበረም፤ ስለ በሩ ነበር። ሙሽራው ከአጃቢዎቹ ጋር ሲመጣ የሙሽራዋ ወገን በሩን ተጋፍቶ ይይዛል፤ «አታልፉም» ይላል፤ እየዘፈነ ያንገላታቸዋል። በሩ ያልተያዘላት ሙሽራ ማንም የማይሳሳላት ናት ማለት ነው። ሙሉነሽ በዘጌዎች ፊት ሰባት ረድፍ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ማየት ፈለገች።

ሞኝ አይደለችምና ሰው የሚገኝበትን ቀን ስትመርጥ አስቀድማ የድራማውን ቀን ቆጠረች። ድራማው ጥር 15 እና ጥር 29 ነው። መካከል ላይ ያለችው እሑድ፣ ጥር 22፣ ነፃ ናት። «ጥር 22 ይሁን» አለች። ቄሱም ከአስተርእዮ ማርያም ማግስት ነው ብለው ወደዱት። የእሷን ቀመር ቢያውቁ ኖሮ ይወዱት እንደሆነ እንጃ።

ጥር 15 ደረሰ። የቴሌቪዥኑ ቁልፍ ያዥ አቶ አካሉ የእንጨት ሣጥኑን ከፈተ። ይህ አካሉ በሌላው ቀን ተራ የመጋዘን ጠባቂ ነው፤ ያን ቁልፍ ሲይዝ ግን አንገቱ ይረዝማል። ሣጥኑ ሲከፈት ድራማው የለም፤ አንድ ትልቅ ስብሰባ ገብቶበታል። ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ጭብጨባ ሲያይ ቆየ። በመጨረሻ የፕሮግራም አስተዋዋቂዋ ብቅ ብላ፣ «የማዶው ቤት የመጨረሻ ክፍል በሚቀጥለው እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ይቀርባል» አለች።

አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ሁለት ሳምንት መጠበቅ ቀረላ! ከዚያ አንገት ሁሉ ቀስ እያለ ወደ ሙሉነሽ ዞረ። የሚቀጥለው እሑድ ጥር 22 ነው።

«እንመጣለን እንጂ!» አለች የብርጓል ቶሎ ብላ። «አንቺን ትተን የት እንቀራለን? ብቻ... በስንት ሰዓት ነው የሚደርሱት?»

«በዘጠኝ» አለች ሙሉነሽ።

የብርጓል ዓይኗን ወደ ሣጥኑ መለሰች።

በማግስቱ አካሉ ለልመና ወደ ዘጌ ተሻገረ። «ሠርገኛው አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ እንዲመጣ» ነው ልመናው። የተመለሰው ፊቱን አጨማዶ ነው። ቄስ ሀብተ ሥላሴ አዳምጠውት፣ አዳምጠውት ሲያበቁ «ለሣጥን ብዬ ቅዳሴ አላሳጥርም» ብለውታል። ሠርገኛውን የምታሻግረው ጀልባም የምትነሣው ከቅዳሴና ከምሳ በኋላ ነው፤ ሳይመሽም ሙሽራዋን ይዛ መመለስ አለባት። እንግዲህ ቴሌቪዥኑም አይሰማ፣ ቄሱም አይሰሙ።

ሙሉነሽ ሁለት ቀን ስታወጣ ስታወርድ ከርማ አንድ መላ አገኘች። ሰው ቴሌቪዥኑን ትቶ ካልመጣ ቴሌቪዥኑ ይምጣ። አካሉ «ንብረት ነው፣ ከአዳራሽ አይወጣም» አለ። ሊቀ መንበሩ ግን ለሠርጉ መጠራታቸውን አስታውሰው «ለሰፊው ሕዝብ ጥቅም ነው» ብለው ፈቀዱ። ሙሉነሽም የሰፈሩን ሴቶች ሰብስባ፣ ሠርገኛው ሲደርስ ድራማው የትም ይድረስ የት ተነሥተው በሩን ሊይዙላት በጊዮርጊስ አስማለቻቸው። ከሁሉ አብልጣ የማለችው የብርጓል ነበረች።

ጥር 22 ቀን ሣጥኑ በዳሱ ጥግ፣ ከበሩ ትይዩ፣ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ሽቦው ከቤት ውስጥ በመስኮት ወጣ። በዚያው መስኮት ሙሽራዋ ከነቬሏ ጆሮዋን ደቅና ተቀምጣለች፤ እሷንም የውድነሽ ነገር አላስቻላትም። እንግዳው ሁሉ ፊቱን ወደ ሣጥኑ፣ ጀርባውን ወደ በሩ አደረገ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የማዶው ቤት ሙዚቃ ተሰማና ጠላ የሚቀዳው እንኳ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ቀረ።

ፊቷን ወደ ውጭ ያደረገች ሙሉነሽ ብቻ ነበረች። እሷም ብትሆን ጆሮዋ ከኋላዋ ነው። ውድነሽ ከቤቷ ወጥታለች፤ አውቶቡስ ተሳፍራለች፤ መንገድ ላይ ናት። የት እንደምትሄድ ግን አልተናገረችም። ሙሉነሽ አንድ ጊዜ ዞር ብላ ልታይ ስትል ከሐይቁ በኩል ካለው ጎዳና ከበሮ ሰማች።

ወደ ሴቶቹ ሮጠች። «መጡ! ተነሡ እንጂ!»

«እሽሽ!» አለ ዳሱ በአንድ አፍ።

የብርጓልን ትከሻዋን ይዛ ነቀነቀቻት። «የብርጓል! በጊዮርጊስ!»

«ደረሰች እኮ፣ ደጁ ላይ ናት! አንዴ ብቻ!» አለች የብርጓል፤ ዓይኗን እንኳ አልነቀለችም።

ከበሮው ማእዘኑን ታጠፈ። ሙሉነሽ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች። እጆቿን ዘርግታ ሁለቱን ምሰሶዎች ያዘች። አጭር ሴት ናት፤ ጣቶቿ ምሰሶዎቹን የነኩት በጭንቅ ነው። ሠላሳ የሚያህሉ ዘጌዎች እየዘፈኑ፣ ሙሽራውን በመካከል አድርገው፣ ቄስ ሀብተ ሥላሴን በጥላ አስቀድመው ደረሱ።

«አታልፉም» አለች ሙሉነሽ። ድምፅዋ ተሰበረ።

ዘፈኑ ቀስ በቀስ ሞተ። ሰው የሚጋፋው ሰው ሲኖር ነው፤ አንዲት እናት ብቻዋን ቆማ እንዴት ትገፋለች? ሚዜዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ክንዱ መሬት መሬቱን አየ። ሙሉነሽ ዞራ ልትጣራ ትችል ነበር፤ ግን እልህ ያዛት። ተለምኖ የሚነሣ ወገን ምን ወገን ነው አለች በልቧ። ከኋላዋ ደግሞ ያ ሦስት ዓመት የተጠበቀው የውድነሽ ድምፅ መናገር ጀመረ። አሁንማ ማንም አይመጣም ብላ ተስፋ ቆረጠች። እናትዓለም በባዕድ አገር እንዳደገች ሰው በባዶ በር ልትወጣ ነው። እንባዋ ዓይኗን ሞላው፤ እጇን ግን አላወረደችም።

«አታልፉም አልሁ!» አለች፤ ይህንን ጮኻ ነው።

አንድ እጅ መጥቶ ከእጇ በላይ ምሰሶውን ጨበጠ። የብርጓል እጅ ነበር። እንዴት እንደመጣች ሙሉነሽ አላየችም፤ ትከሻዋን ከትከሻዋ አጋጠመችና በዚያ የፋብሪካውን የሽመና ክፍል መኪና ድምፅ በሚያሸንፈው ጉሮሮዋ «ወዴት! ወዴት! የማንን ልጅ ልትወስዱ!» አለች። ከዚያ አግዳሚ ወንበር ሲወድቅ ተሰማ። ብርጭቆ ተሰበረ። የፈትል ክፍል ሴቶች፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ ጠላ ቀጂው ከነማንቆርቆሪያው፣ አካሉም ቁልፉን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ በሩን ሞሉት። ሙሉነሽ መካከል ሆና ተጨፈለቀች። ዘጌዎቹም ነፍስ ዘሩ፤ ከበሮው ተነሣ፤ ግፊያው ቀለጠ። እንዲያ ያለ በር በዚያ ሰፈር ተይዞ አያውቅም።

ድንገት የብርጓል ጆሮዋን አቆመች። ከኋላቸው የሚሰማው የዜና ሙዚቃ ነው።

«አለቀ!» ብላ ጮኸች። «ወይኔ፣ አለቀ እኮ!»

ሁሉም ዞረ። ሣጥኑ ባዶ ለሆነ ዳስ ስለ እርሻ ምርት ያወራል። ሦስት ዓመት የጠበቁትን መጨረሻ ከሰፈሩ አንድም ሰው አላየውም።

«ቄሱ!» አለ አካሉ። «እሳቸው ፊታቸውን ወደ ሣጥኑ አድርገው ነበር! ሲያዩ አይቻቸዋለሁ!»

ዓይን ሁሉ ቄስ ሀብተ ሥላሴ ላይ አረፈ። ቄሱ ጥላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ምን እንደሆነች ካልነገሩን አታልፉም!» አለች የብርጓል። ያሁኑ አታልፉም የልብ ነበር።

«እኔ ምኑን አውቄው ልጆቼ» አሉ ቄሱ ተሸማቀው። «አንድ ሰው አልጋ ላይ ተኝቷል። አንዲት ነጠላ ያዘቀዘቀች ሴት ገባች። ሰውየው አለቀሰ። ሴቲቱ ውኃ ቀድታ አጠጣችው። ከዚያ ወጣች።»

«ይቅር አለችው?»

«ቃል ሲወጣት አልሰማሁም። እናንተ ትጮሁ አልነበር?»

«ውኃ ከሰጠችውማ ታርቃለች!» አሉ የሙሉነሽ ደጋፊዎች።

«ከወጣችማ ትታዋለች!» አለች የብርጓል።

ቄሱ ሊቅ ናቸውና ነገር ተንጠልጥሎ ሲቀር አያስችላቸውም። «ውኃ መስጠቷ አንድም ይቅርታ ነው» አሉ ጣታቸውን አንሥተው፤ «አንድም ስንብት ነው። አንድም...» ከዚህ በኋላ የተናገሩትን የሰማ የለም፤ ዘጌውም ባሕር ዳሬውም ተቀላቅሎ ይጨቃጨቅ ጀመር። ውድነሽን አይተው የማያውቁ ሚዜዎች ሳይቀሩ ጎራ ለይተዋል። በዚህ መካከል ሙሽራው ክንዱ በሰው ብብት ሥር ሾልኮ ገባ። ማንም ልብ አላለውም።

ቄስ ሀብተ ሥላሴ ከጭቅጭቁ ፈቀቅ ብለው ወደ ሙሉነሽ ተጠጉ። ነጠላዋ ከላይዋ ወርዷል፤ አንድ ጫማዋም ጠፍቷል።

«ወይዘሮ ሙሉነሽ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያን ሣጥን ልየው ብዬ አይደለም ያየሁት።»

«ታዲያ ምን ሆነው ነው?»

«ብቻዎን ቆመው ሳይ ያን ዕለት የጠየቅሁዎ ትዝ አለኝ። ፊትዎን ማየት አፈርሁ። ዓይኔን የማሳርፍበት ሳጣ እዚያ ላይ ጣልሁት።» «ተመልሼ ሳይ ደግሞ እርስዎን ከሰው ብዛት ፈልጌ አጣሁዎ።»

ሙሉነሽ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገችና እጃቸውን ይዛ፣ የሚጨቃጨቀውን ሰው እየከፈለች፣ ወደ ዳሱ አስገባቻቸው።