ጨው የሌለው ሽሮ

ሥራነሽ የልጇን የቢምረውን ኪኒን አስታጎለችበት የሚል ሰው ቢኖር ውሸታም ነው። ቢምረው አንድ ሰሞን እንቅልፍ አጥቶ ሲለፈልፍ ይሰነብት፣ ሌላ ሰሞን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛ ነበር። ሊቲየም የሚሉትን ኪኒን ከጀመረ ወዲህ ግን ልቡ ተመልሶ እንደ ሰው ያርስ፣ እንደ ሰው ይስቅ ነበር።

ፍልሰታ ሲገባ «እመቤቴን በሱባኤ ላመስግናት» አለ። እናቱም ደስ ብሏት፣ ጾሙ እስኪፈታ ሁለቱም ጨው ላይቀምሱ ተሳለች። ቢምረው ውሃ ሳይጠጣ ይውልና ማታ ኪኒኑን ውጦ ጨው የሌለው ሽሮ ይቀማምሳል።

እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጎረቤት «ያደረበት መንፈስ ሊለቀው ነው» አለ። ሥራነሽም ይህን አምና ጾሙን አጠበቀችበት።

አንደበቱ ሲተሳሰር ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ወሰዱት።

«እናቴ፣ መድኃኒቱ ራሱ የጨው ወገን ነው» አላት ሐኪሙ። «ሰውነት ውሃና ጨው ሲያጣ ኩላሊት መድኃኒቱን አላስወጣ ይላል። ሲጠራቀም መርዝ ይሆናል።»

ቢምረው አልተረፈም።

ከቀብር መልስ ጎረቤቶች እዝን ይዘው መጡ። «እህል ቅመሽ እንጂ» ብለው ሽሮ በእንጀራ አጎረሷት። ሥራነሽ ሳትውጠው ቆየች።

«ጨው አለው» አለች።