ቅርፊት ያለው ዓሣ

ከሰኞ ጀምሮ መቀመጫ ሁሉ ለአያ ሽታው እሾህ ሆኖበታል። ከቤቱ ይወጣል፣ እስከ አስፋልቱ ይወርዳል፣ የወልድያ ሚኒባሶች ሲያልፉ ቆሞ ያያል፣ ዕቃ እንደረሳ ሰው ደግሞ ተመልሶ ይገባል። ሚስቱ ሰብለወንጌል ከአልጋዋ ሆና ኮቴውን በጆሮዋ ትከተላለች። ኩላሊቷ ከከዳት ሁለት ዓመት አለፈ። ደሴ ያለው ሐኪም ባለፈው ሳምንት «ወደ ቤቷ ይውሰዷት» ብሎ በትሕትና ሸኝቷቸዋል። እሷም የመጣባትን አውቃ ሰኞ ዕለት ባሏን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ማን ይቀብረኛል?»

ቀልድ አልነበረም። በእነሱ መንደር ሰው ሲሞት የሚያነሣው ቅሬው ነው። መቃብር የሚቆፍረው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ሐዘንተኛ የሚያስተዛዝነው ይኸው ማኅበር ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ዳኛ ሥር ያድርበታል። ቀባሪው አንድ ነው፣ የሚለያየው መቃብሩ ብቻ። ሽታው ደግሞ ከቅሬው ከወጣ ሃያ ሁለት ዓመቱ።

ያስወጣው ጭልፋ ነው። በዚያ ዓመት ለቅሬው ግብዣ እንደ ወጉ ሁለት በሬ ታረደ፤ አንዱ በክርስቲያን ቢላ፣ አንዱ በሙስሊም ቢላ። ሁለት ትልልቅ ድስት ጎን ለጎን ተጣደ። ወጥ አውጪው ሽታው የክርስቲያኑን ጭልፋ አንሥቶ የሙስሊሙ ድስት ውስጥ ነከረው። ያን ሁሉ ሥጋ ውሻ በላው፣ የሙስሊሙ ወገን ጦሙን ወደየቤቱ ገባ። ሰው ሁሉ «እጁ ስቶት ነው» አለ። ዳኛው አብዱልሰመድም «ቅሬውን ያብላ፣ ጥፋቱን ይናገር፣ ይለፈው» ብለው ፈረዱ። ሽታው ግን «ሥጋ ሥጋ ነው» ብሎ ነጠላውን አጣፍቶ ሄደ፣ በዚያው ቀረ።

እጁ አልሳተውም። ይህን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት የቅሬው ጸሐፊ ሲመረጥ ስሙ ተጠርቶ ነበር። ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ቢያቋርጥም ጽሕፈቱ የታተመ ይመስላል። አብዱልሰመድ ግን «ጸሐፊ አሕመዲን ይሁን፣ አሥራ ሁለትን የጨረሰ ነው። ሽታው ጭልፋ ይያዝ» አሉ። ጉባኤው ሳቀ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮው ውስጥ እንደ ትንኝ ይጮኻል።

ከሰው ሲለይ ከነገር ጋር ተወዳጀ። ያገኘውን ቁራጭ ጋዜጣ ያነባል፣ የመነኮሳትን ወሬ ያጠናቅራል፣ አንዱን ጉድ ከሌላው ጉድ ጋር ይቋጥራል። ሻይ ቤት ውስጥ «ሬዲዮው መጣ» ይባባላሉ፤ አፉን ሳይከፍት ግማሹ ሰው ሒሳብ ከፍሎ ይነሣል።

ረቡዕ ዕለት አንገቱን ደፍቶ አብዱልሰመድ ደጅ ሄደ። ሽማግሌው ግድግዳቸውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«እንደምን ዋሉ፣ አያ አብዱልሰመድ?»

«አልሃምዱሊላህ። ማን ነህ? ሬዲዮው ነህ እንዴ? ምነው ዛሬ ወደኛ ተከፈትክ?»

«ሰብለ ታማለች።»

«ሰምቻለሁ። አላህ ያሽራት።»

«ወደ ቅሬው ልመለስ ነው።»

«ልመለስ ነው፣ ወይስ መልሱኝ?»

«መልሱኝ።»

«ፍርዱ የተፈረደ ነው። እሑድ ታበላለህ፣ ቆመህ ትናገራለህ።»

«ያለኝ አንድ በግ ነው።»

«ታዲያ አንዱን በግ በማን ቢላ ልታርደው ነው?» አሉ ሽማግሌው፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «በናንተ ካረድከው እኛን ዳግመኛ ጦማችንን ልትሰደን ነው። በኛ ከታረደ የናንተው ሽማግሌ አያ ቢያድግልኝ ከነወገኑ ወጡን እያየ ሊውል ነው። እስቲ ሬዲዮህን ጠይቀው።»

ከዚያ ወደ ቤት መግባት አቃተው። እግሩ እንደመራው ከመንደሩ ሥር ወዳለው ሐይቅ ዳር ወረደ። ዓሣ አስጋሪው ሀሚዱ ጀልባውን ወደ ዳር ጎትቶ መረቡን ያራግፋል። ሽታው ወዲያ ወዲህ እያለ ባሕረ ገብ መሬቱ ላይ ያለውን ገዳም በአገጩ ጠቆመው።

«የዚያ ገዳም አበምኔት ጥንት ምን ይባል እንደነበር ታውቃለህ? ዐቃቤ ሰዓት። የቤተ መንግሥቱን ሰዓት ጠባቂ። እላይ ደግሞ፣ በአምባሰል በኩል፣ ግሸን ላይ፣ የንጉሥ ልጆች ይታሰሩ ነበር። እታች ሰዓት ይጠበቃል፣ እላይ ተራውን የሚጠብቅ ልዑል ይጠበቃል። እንግዲህ የአምባሰል ቅኝት ለምን አንጀት ይበላል ትላለህ? ሰዓቱ ያልደረሰለት ሰው ዜማ ስለሆነ ነው።»

«ከመጽሐፍ ነው ያገኙት፣ አያ ሽታው?»

«ከራሴ ነው።»

«ጠርጥሬ ነበር።» ሀሚዱ ከመረቡ ውስጥ አንድ ጢማም ዓሣ መዞ ለብቻው ወረወረው። «አምባዛ። የናንተ ሰዎች ይቺን አይነኳትም፣ ቅርፊት የላት። ቅርፊታሙ ቆሮሶ ቢሆን ይሻሙበት ነበር።»

ሽታው ቆመ።

«ቆሮሶው ግን የዚህ ተወላጅ አይደለም አይደል?»

«ኧረ መጤ ነው። በደርግ ጊዜ ከሌላ ውኃ አምጥተው ነው የለቀቁት፤ አባቴ ሲያወራ ሰምቻለሁ።»

«በደርግ ጊዜ።» ሽታው ይህን ሁለት ጊዜ ለራሱ አለው። «ለመሆኑ ዓሣን ማን ያርደዋል?»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«በማን ቢላ ነው የሚባረከው?»

«የዓሣ እርድ?» ሀሚዱ ሳቀ። «አብሽሩ፣ አያ ሽታው። ከውኃ መውጣቱ ነው እርዱ። እኛም እንበላዋለን፣ እናንተም ትበሉታላችሁ፣ ቢላ ጠያቂ የለውም።»

ሽታው ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠ፤ እርጥብ ድንጋይ ላይ፣ ሱሪው እስኪርስ።

«እየው እንግዲህ» አለ ቀስ ብሎ። «ሁለታችንን ከአንድ ድስት የሚያበላ ቅርፊታም ዓሣ ማን አመጣው? ታቦትም መስጊድም የማይገደው መንግሥት። እኛ ስንት ዘመን በሁለት ቢላ ስንማስን፣ ሃይማኖት ምን ያደርጋል የሚለው መጥቶ አንድ ማዕድ ለቀቀልን። አስቦበት መሰለህ? ዓሣ ብቻ መስሎት ነው።»

ሀሚዱ መረቡን ትቶ ጥቂት አሰበ። «ይኼኛው ደኅና ነው» አለ።

ሀሚዱ በጉን ወስዶ እሑድ ንጋት ላይ ሙሉ ጀልባ ቆሮሶ ሊያመጣለት ተስማሙ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሽታው ግቢ ውስጥ አንድ ድስት ብቻ ተጣደ። የቅሬው ሰዎች በሩ ላይ እየቆሙ ሁለተኛውን ድስት በዓይናቸው ፈለጉ፤ ጉዳዩ ሲገባቸው ጎን ለጎን ተቀመጡ። አያ ቢያድግልኝ አማተቡ፣ አብዱልሰመድ ቢስሚላህ አሉ፣ ሁለቱም ከአንድ ትሪ እሾህ እየለቀሙ በሉ። ሰብለወንጌል በሩ አጠገብ ትራስ ተደግፋ ታያለች።

ሽታው ንግግሩን ሦስት ቀን ሲሸመድድ ከርሟል። ከዐቃቤ ሰዓቱ ተነሥቶ፣ በግሸን አድርጎ፣ በደርግ ወርዶ፣ «ሥጋ ሥጋ ነው ብያችሁ ነበር» ብሎ ሊዘጋው ነው። ብድግ አለና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሰዓትን መጠበቅ በዚህ አገር…»

«ተው እባክህ» አሉ አብዱልሰመድ፣ በለሆሳስ። «በልተናል፣ ጠግበናል። የሚስትህንም ነገር እናውቃለን። ያኔ እጅህ ስቶህ ነው፤ ጭልፋ ይምታታል። እጄ ስቶኝ ነው በልና ይለቅልህ።»

ይህን ያህል ቀላል ነበር። ሁለት ቃል ብሎ መቀመጥ። ሰብለወንጌል ከበሩ ሆና ራሷን ነቀነቀችለት፤ በለው፣ በለውና ተገላገል እንደማለት። አፉ ግን አልታዘዘም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጭልፋ እንኳ መያዝ የማይችል ተብሎ የኖረ ሰው፣ ያንኑ በገዛ አፉ ሊያጸድቅ።

«አልሳተኝም» አለ።

የሚያኝከው ሁሉ ማኘኩን ተወ።

«ዐውቄ ነው የነከርኩት። ጸሐፊነቱን ነሥታችሁኝ፣ ጭልፋ ይያዝ ብላችሁ ስትስቁብኝ፣ ዐውቄ ነው። እርስዎ ነዎት ያሉት፣ አያ አብዱልሰመድ።»

ሰብለወንጌል ዓይኗን ጨፈነች። ሽማግሌው ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት?»

ሽታው ዓይናቸውን መረመረ። የሚያስመስሉ አልነበሩም። በእውነት አያስታውሱትም። እሱ ሌሊት እየተገላበጠ ያሳደገው ቃል፣ የተናገሩት ሰውዬ ቤት አንድ ቀን እንኳ አላደረም።

«ብለዋል፣ አያ» አለ አሕመዲን፣ መዝገቡን ጭኑ ላይ እንዳደረገ። «እኔም ስቄያለሁ።»

አብዱልሰመድና አያ ቢያድግልኝ ግንባር ለግንባር ገጥመው ተንሾካሾኩ። ከዚያ ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ሰብለወንጌል ከዛሬ ጀምሮ የቅሬው ናት። እሷ ምንም አላጠፋችም፤ ቀድሞም እኛ ነን ያጠፋንባት። እኔም ብዬው ከሆነ፣ ክፉ ብያለሁ፣ ዐውፍ በለኝ። አንተ ግን ዐውቀህ ሰው ጦሙን ሰደሃል። አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሰው በሞተ ቁጥር፣ የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም፣ ጡሩንባ እየነፋህ መንደሩን ዞረህ ትለፍፋለህ። ያኔ ትገባለህ።»

ከኋላ አንድ ሰው «ሬዲዮውስ መቼ ጠፋና» አለ። ሳቁ። ሽታው ጆሮው ጋለ፤ በሩን አየው፣ እግሩ ሊሄድ አኮበኮበ። በሩ አጠገብ ያለችው ግን ሰብለወንጌል ነበረች።

«ጡሩንባው የት ነው ያለው?» አለ።

ሰው ከተበተነ በኋላ ወደ አልጋዋ መለሳት። ጡሩንባው ጉልበቱ ላይ ነው፣ አፉ የተላላጠ ነው።

«ገባሁ?» አለችው።

«ገባሽ።»

«አንተስ?»

«እኔ ለፋፊ ሆንኩልሽ።»

ሳቀች፣ ጎኗን እስክትይዝ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ዓመቱ ሳይሞላ የማን ስም ሊጠራ እንደሚችል ሲያስብ ነበር።

«እንዳትቸኩይ» አላት።

«አንተ ብቻ ልመደው። የኔ ለት ትንፋሽ አጥሮህ እንዳታዋርደኝ።»

ጡሩንባውን ወደ አፉ አነሣ። እጁን ያዘችው።

«ኧረ እዚህ አይደለም፣ አንተ ሰውዬ። ሰሚው ሁሉ አካፋውን ይዞ እኔን ሊቀብር ይመጣል።»

እውነቷን ነው። ጡሩንባውን ጋቢው ሥር ሸሽጎ ወጣ። ሐይቁ ዳር ሀሚዱና ጓደኞቹ አሉ፤ አስፋልቱ ላይ ባጃጆቹ ይሰሙታል። ሰው በማይሰማው ቦታ ሊለማመድ ዳገቱን ያዘ። የመጨረሻውን ቤት አለፈ፤ አሁንም የልብስ አጣቢዎች ድምፅ ይሰማዋል፣ እነሱም ይሰሙታል ማለት ነው። ጨምሮ ወጣ። እየቆመ ያዳምጣል፣ አሁንም ሰው አለ፣ እንደገና ይሄዳል።