ከላይ የተቀመጠው አድራሻ

የንብረት ክፍሉን ኃላፊ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ፕሮቶኮል» ይለዋል፤ ፊት ለፊቱ ግን ደፍሮ የሚጠራው የለም። ስብሰባ ሲኖር ከሁሉ ቀድሞ ገብቶ ወንበር የሚደረድረው እሱ ነው። ማን ከማን በላይ መቀመጥ እንዳለበት ሲያወጣና ሲያወርድ ምሳውን ይረሳል። ምክትል ሥራ አስኪያጁ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደግሞ የሚያሳስበው አንድ ወንበር ብቻ ሆነ። እሱን ካጣ በቁሙ የሚሞት ይመስለዋል።

አንድ ቀን ጠዋት በኮምፒውተሩ የኢሜይል አድራሻዎችን ዝርዝር ሲያይ አንጀቱ አረረ። አማቹ፣ የሚስቱ ታላቅ ወንድም፣ ሦስት ቦታ ተመዝግቧል፦ በግል አድራሻው፣ በድሮ መሥሪያ ቤቱ፣ እንዲሁም ምክትሉን በሚመርጠው ኮሚቴ ውስጥ በጸሐፊነት በሚሠራበት አድራሻ። የተከበረ ሰው እንዲህ ተበትኖ ማየት ለፕሮቶኮል ነውር ነው። ጸሐፊዋን ጠርቶ የእያንዳንዱን ሰው አድራሻ በአንድ ስም ሥር እንድትሰበስብ አዘዛት።

ልጅቱ ሥራዋን ጠንቅቃ የምታውቅ ናት። መሰብሰቡ ጥሩ ነው፣ ግን ስም ሲጻፍ ኮምፒውተሩ የሚልከው ከላይ ወዳለው አድራሻ ስለሆነ የግሉ ከላይ ቢሆን ይሻላል አለችው። የኮሚቴውን አድራሻ አምስቱም አባላት እንደሚከፍቱትም ነገረችው። እሱ ግን ልቡ ሌላ ቦታ ነበር፤ አድራሻዎቹን በማዕረግ እየደረደረ ነው።

«ልጄ፣ ኮሚቴ ከግለሰብ በታች አይቀመጥም» አላት።

እሺ ማለት ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው፤ «እሺ ጋሼ» ብላ ኮሚቴውን ከላይ፣ የግሉን ከታች አደረገችው።

ምርጫው ሦስት ቀን ሲቀረው ፕሮቶኮል በሩን ዘግቶ ለአማቹ ጻፈ። «ወንድምዓለም፣ ሰብሳቢያችሁ ስብሰባ ላይ እንደሚያንቀላፋ አገር ያወቀው ነው። እንቅልፉ ሳይለቀው የኔን ስም አስፈርመው። ለእህትህ ግን ትንፍሽ እንዳትል፤ ምላሷ አያርፍም።» የአማቹን ስም ጻፈ፣ አድራሻው ራሱ መጣለት፣ ላከው። ከዚያም የጻፈውን ደግሞ አንብቦ ብቻውን ሳቀ።

መልሱ ከምሳ በኋላ ደረሰ። የጻፉት ሰብሳቢው ራሳቸው ነበሩ። «ደብዳቤህን አምስታችንም አንብበነዋል። ዛሬ አላንቀላፋሁም» ይላል። ከሥሩ ፕሮቶኮል ከውድድሩ መውጣቱ፣ አማቹም ከኮሚቴው መነሣቱ ተጽፏል። ግልባጩም ከፕሮቶኮል ደብዳቤ ጋር፣ ለውድድሩ ባስገባው ማመልከቻ ላይ ወደሞላቸው አድራሻዎች በሙሉ ተልኳል። አንድ አድራሻ ብቻ መጻፍ ተራ ሰው የሚያስመስል መስሎት የቤቱንም ሞልቶ ነበር። የቤቱን የምትከፍተው ሚስቱ ናት።

ፕሮቶኮል ጸሐፊዋን ጠርቶ ደብዳቤውን እንድትመልስለት ለመናት፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ሲለምናት ይህ የመጀመሪያው ነው።

«አንዴ ከሄደ ሄደ፣ ጋሼ» አለችው። ያዘነች ለመምሰል ሞከረች፤ ብዙም አልተሳካላትም።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ አልጮኸችበትም፤ ብትጮህበት ይሻለው ነበር። «ወንድሜን አዋረድከው። ምላሴን ግን ዛሬ አሳርፈዋለሁ፤ ቤት ስትመጣ የሚያናግርህ የለም» ብላ ዘጋችው። እንዳለችውም አደረገች።

በሳምንቱ ለአዲሱ ምክትል አቀባበል ተደረገ። ወንበሮቹን የደረደረው ያው ፕሮቶኮል ነው፤ ሌላ ማን ይችልበታል? ለራሱ በሩ አጠገብ ያለችውን፣ አንድ እግሯ የምትነቃነቀውን ወንበር አስቀረ። ሰብሳቢው ገቡና አጠገቡ ቆመው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ የት እንደሚቀመጡ ጠየቁት።

«ከላይ ነዎት፣ ጌታዬ» አላቸው፤ ዓይኑን ግን ከወለሉ አላነሣም።