ለእግሮቹ ያልተነገረ መርዶ

ሰኞ ጧት የሁለቱ ክልሎች ወሰን ከቦታው ተነሥቶ በአቶ ምንውዬለት የሆስፒታል አልጋ መሃል አለፈ። ከወገባቸው በላይ ለላይኛው ክልል፣ ከወገባቸው በታች ለታችኛው ደረሰ። ነርሷ አንሶላውን በወሰኑ ልክ ቀድዳ ለየብቻ አነጠፈችው።

ሐኪሞች ተስፋ ቆርጠው በመሣሪያ ብቻ ይተነፍሱ ስለነበር ልጃቸውን ትርንጎን ጭንቅ ያዛት። አባቷ ገና በደህናው ጊዜ፣ በነፍስ አባታቸው ፊት፣ «ተስፋዬ ከተቆረጠ በመሣሪያ አታቆዩኝ፤ አደራ» ብለዋት ነበር። በላይኛው ክልል ሕግ የታማሚ ቃል ይጸናል። በታችኛው ግን ወሳኙ ዘመድ ነው፤ ዘመድ መርዶ ካልተናገረም ሞት አይጸናም።

«ታዲያ እንዴት ይሆናል?» አለችው ሐኪሙን።

«ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነው፣ እህቴ። እዚህ ቃላቸው ይከበራል። ስለዚያኛው በዚያ ክልል ያሉትን አጎትሽን ጠይቂ።»

መሣሪያው ተነቀለ። አቶ ምንውዬለት እስከ ወገባቸው ሞቱ። እግሮቻቸው ግን እንደሞቁ ቀሩ፤ ግሉኮሱም ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ተሰካ።

አጎቷ አቶ ዘውገ በግርጌ ተቀምጠው እግሮቹን በብርድ ልብስ ሸፈኑ።

«ቀስ ብለሽ አልቅሺ፤ ይሰማል» አሏት።

«ጋሼ፣ አባባ እኮ አርፏል!»

«በዚያ በኩል አርፎ ይሆናል። ለዚህኛው ግን በድንገት አይነገርም፤ ይደነግጣል። እስቲ ዘመድ ይሰብሰብ።»

ዘመድ ተሰበሰበ። በራስጌ ደረት ይመታል፤ በግርጌ «ዛሬስ ተሽሎሃል» እየተባለ እግሮቹ ይጽናናሉ። ከሁለቱም ወገን የሚዛመዱት ራስጌ አልቅሰው፣ ዓይናቸውን ጠርገው፣ ግርጌ መጥተው ይስቃሉ። መቼም ሰው ጉድ ነው።

ላይኛው አካል ተገንዞ የቀብር ሰዓት ደረሰ። አቶ ዘውገ ንቅንቅ አላሉም።

«ይሄንንም ካጣሁ ወንድም የሚባል ምን ቀረኝ?» አሉ፣ ብርድ ልብሱን እንደያዙ።

ትርንጎን አሳዘኗት፤ አናደዷትም። ወሰኑን ተሻግራ ብርድ ልብሱን ገለጠችና ጎንበስ አለች።

«አባባ፣ ሞተሃል። አደራህን አልበላሁም።»

እግሮቹ ጥቂት ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ተጠጋጉ፤ ተረከዝ ከተረከዝ፣ አውራ ጣት ከአውራ ጣት ገጠመ።

አቶ ዘውገ እያለቀሱ ከነጠላቸው ጫፍ ክር መዘዙ። ሊገንዙ ሲያጎነብሱ፣ ጣቶቹ እንዲመቻቸው ትንሽ ከፍ አሉላቸው።